የእረፍት ጊዜያችሁን ለዱር እንስሳት ጥበቃ ልትሰጡ ስትነሱ

ለመጀመሪያ ጊዜ በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ወደ ዱር ስሄድ ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት ጥቁር ቲሸርትና አንድ ሰማያዊ ጂንስ ነበር። ጥቁርና ሰማያዊ ቀለም የጼጼ ዝንብን እንደሚስብ ማን ይንገረኝ! በሁለተኛው ቀን ጀርባዬ ወንፊት ሆነ። ይህችን ዝንብ ስስ ልብስ አያግዳትም።

እሱ ግን የሚስተካከል ስህተት ነው። አፈር የመሰለ ሸሚዝ ተውሼ ተገላገልኩ። የማይስተካከለው ስህተት የሚሠራው ገና ከቤት ሳንወጣ፣ ሶፋ ላይ ተቀምጠን ስልካችን ላይ ፕሮጀክት ስንመርጥ ነው። ስለዚህ ስለ ሻንጣ ከማውራቴ በፊት ምርጫው ላይ ቆየት እላለሁ። ታገሡኝ።

1. መጀመሪያ ሥራውን እወቁት

ከዱር እንስሳት ጋር መሥራት ሲባል ብዙዎቻችን ዓይነ ልቦና ላይ የሚመጣው ግልገል ዝሆን በጡጦ ማጥባት ነው። እውነቱን ልናገር፦ አብዛኛው ሥራ አሰልቺ ነው። ድብቅ ካሜራ ያነሳቸውን ሺህ ፎቶዎች ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ማየት አለ። ብዙዎቹ ላይ ነፋስ ካወዛወዘው ሣር በቀር ምንም የለም። ማደሪያ መጥረግ አለ፤ ፍራፍሬ መቆራረጥ አለ። መጤ አረም መንቀል፣ አጥር መጠገን፣ ጫካ ለጫካ እየዞሩ አዳኞች ያጠመዱትን የሽቦ ወጥመድ መልቀም አለ። በአንድ ቀጥ ያለ መስመር እየሄዱ ኩስና ኮቴ መቁጠርም አለ። እንስሳውን ራሱን ሳታዩ ሳምንት ሊያልፍ ይችላል።

የባሕር ኤሊ ጥበቃን የመረጠ ሰው ደግሞ ቀንና ሌሊቱ ይገለበጥበታል። አሸዋ ላይ በጨለማ ለሰዓታት ትሄዳላችሁ። ነጭ ብርሃን እናቲቱን እንቁላል ሳትጥል ወደ ባሕር ሊመልሳት ይችላል፤ ጫጩቶቹንም አቅጣጫ ያስታቸዋል። ስለዚህ መብራት ካስፈለገ ቀይ ነው። ኤሊ ያልወጣችበት ሌሊትም ሥራ ነው። «ዛሬ አልወጣችም» የሚለውም ተመዝግቦ ይቀመጣል።

ይህን ስታነቡ ደስ ካላችሁ ቀጥሉ። ቅር ካላችሁ ግን ምንም አይደል፤ ጥሩ አስጎብኚ ይዞ ፓርክ መጎብኘትም ለጥበቃው ገንዘብ ያስገባል። ራስን ማስገደድ አያስፈልግም።

ወቅቱን ሳታዩ ቀን አትቁረጡ። በኮስታ ሪካ የቶርቱጌሮ የባሕር ዳርቻ አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች በብዛት የሚወጡት ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ነው። እንቁላሉ እስኪፈለፈል ደግሞ ሁለት ወር ገደማ ይፈጃል። እናቲቱን ማየት የፈለገና ጫጩቶቹን ማየት የፈለገ ሰው በአንድ ቀን ትኬት አይቆርጡም ማለት ነው።

የጊዜው ርዝመትም ያለ ነገር አይጠየቅም። መረጃ መሰብሰብ ሥልጠና ይፈልጋል፤ የመጀመሪያዎቹ ቀናት በመማር ያልቃሉ። አንድ ሳምንት ብቻ ካላችሁ ችግኝ መትከል፣ ባሕር ዳርቻ ማጽዳት ወይም አጥር መጠገን ይሻላችኋል። እነዚህ በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፍሬያቸው ይታያል።

2. ፕሮጀክቱን መርምሩት፤ አትፈሩ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ደግ ሰው የሚታለለው። በደቡብ አፍሪካ ለዓመታት ሲሠራበት የኖረውን የአንበሳ ደቦል ንግድ እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ደቦሎቹ ገና በጨቅላነታቸው ከእናታቸው ይነጠላሉ። እናቲቱ ጡት ስለማታጠባ ቶሎ ደግማ ታረግዛለች። ለበጎ ፈቃደኛው «እናታቸው የሞተችባቸው ናቸው፤ አድገው ወደ ዱር ይመለሳሉ» ይባላል። እሱም ገንዘብ ከፍሎ ጡጦ ያጠባል፣ አቅፎ ይተኛል፣ ፎቶ ይነሳል። በዱር ያለ ደቦል ግን ሁለት ዓመት ገደማ ከእናቱ ሥር ሆኖ አደን ይማራል። ሰው ያቀፈው አንበሳ ያንን አልተማረም፤ ሰውንም አይፈራም። ስለዚህ ወደ ዱር አይለቀቅም። ሲያድግ አንዳንዱ በታጠረ ግቢ ውስጥ ለሚያድን ሀብታም ይሸጣል፤ አጥንቱም ወደ እስያ ገበያ ይሄዳል። ያ ደግ ሰው ሳያውቅ ለዚህ ሁሉ ከፍሏል፤ ያውም ጉልበቱን ጨምሮ።

ታዲያ እንዴት ትለያላችሁ? ጠይቁ። በኢሜይል፣ በግልጽ፣ ያለ ይሉኝታ ጠይቁ። «እንስሳቱ ከየት መጡ?» ብላችሁ ጀምሩ። በየዓመቱ አዳዲስ ሕፃን እንስሳት የሚኖሩት ቦታ ከሆነ «ከየት ነው የሚመጡት?» ብላችሁ ድገሙት። ቀጥላችሁ መጨረሻቸውን ጠይቁ። ባለፈው ዓመት ስንት ወደ ዱር ተለቀቁ? የት ተለቀቁ? ከተለቀቁ በኋላ ማን ይከታተላቸዋል? የማይለቀቁት ዕድሜያቸውን በሙሉ የት ይኖራሉ? ከዚያ ወደ ራሳችሁ ኑ፦ እኔ የምሠራውን ሥራ ከእኔ በፊት ማን ነበር የሚሠራው? የአካባቢው ሰው በደመወዝ ይሠራው የነበረ ከሆነ፣ እናንተ ከፍላችሁ እንጀራውን ልትነጥቁት ነው።

ገንዘቡም ይጠየቃል። በበጎ ፈቃድ ጉዞ ተጓዡ ራሱ መክፈሉ የተለመደ ነው። ምግቡን፣ መኝታውን፣ የአሠልጣኙን ጊዜ ይሸፍናል፤ በዚህ ቅር አይበላችሁ። ግን ከከፈላችሁት ምን ያህሉ ፕሮጀክቱ ዘንድ እንደሚደርስና ምን ያህሉ አገናኙ ድርጅት ኪስ እንደሚቀር ማወቅ መብታችሁ ነው።

አንድ ጊዜ እነዚህን ጥያቄዎች ለአንድ ቦታ ላክሁ። የመጣልኝ መልስ አንዲት ልጅ ደቦል አቅፋ የምትስቅበት ፎቶና «ሕይወትዎን የሚለውጥ ገጠመኝ!» የሚል አንድ መስመር ነበር። መልስ ማለት ይኸው ነው፤ ሌላ አልጠበቅሁም። ጥሩ ቦታ ረጅም፣ ደረቅ፣ ትንሽም የሚያሰለች መልስ ይልካል። «ይህን አንፈቅድም፣ ያንን አንፈቅድም» የሚለው ሲበዛ ደስ ይበላችሁ።

ለማገገሚያና መጠለያ ቦታዎች ዓለም አቀፍ እውቅና የሚሰጡ አካላትም አሉ። በ2007 የተመሠረተው የእንስሳት መጠለያዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ጂኤፍኤኤስ፣ አንዱ ነው። እንስሳ የሚነግድ፣ ለመዝናኛ የሚያራባ ወይም ጎብኚ የዱር እንስሳ እንዲያቅፍ የሚፈቅድ ቦታ መለኪያውን አያልፍም። በአፍሪካ የጦጣና የዝንጀሮ ዘመዶችን የሚያሳድጉ መጠለያዎች ደግሞ ከ2000 ጀምሮ ፓሳ በሚባል ኅብረት ተሰባስበዋል። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ የለም ማለት ግን ቦታው መጥፎ ነው ማለት አይደለም። የሜዳ ምርምር የሚሠራ ፕሮጀክት መጠለያ ስላልሆነ ከነጭራሹ እዚያ አይገባም። እሱን «የምንሰበስበውን መረጃ ማን ይጠቀምበታል?» ብላችሁ መዝኑት። የታተመ ሪፖርት ወይም ጥናት ካለው ያሳያችኋል።

አንድ አቋራጭ መለኪያ ልስጣችሁ። ጤነኛ የዱር እንስሳ በእጃችሁ እንድትነኩ የሚጋብዝ ማስታወቂያ ካያችሁ ገጹን ዝጉት። ስሎው ሎሪስ የምትባለዋን ዓይነ ትልቅ የእስያ እንስሳ በቪዲዮ ስትኮረኮር እጆቿን ወደ ላይ ስታነሳ አይታችሁ ይሆናል። ደስ ብሏት አይደለም። መርዛማ ንክሻ አላት፤ መርዙን የምታመነጨው እጢ ያለው ክንዷ ላይ ስለሆነ እጅ ማንሳት የመከላከያ አቋሟ ነው።

3. ሐኪም ዘንድ በጊዜ

ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቀድማችሁ ሂዱ። አንዳንዱ ክትባት በአንድ ቀን አያልቅም።

የቢጫ ወባ ክትባት የሚጠይቅ አገር ከሆነ ምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከተከተባችሁ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ከ2016 ወዲህ ግን አንዴ ከተከተባችሁ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁ መቼ እንደነበር አስታውሱ፤ ሽቦና ሚስማር የማይነካ በጎ ፈቃደኛ የለም።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን ግን አደራ። ስሙ ውሻ ይበል እንጂ የሌሊት ወፍም፣ ቀበሮም፣ ጦጣም ሊያስተላልፈው ይችላል። ምልክቱ አንዴ ከታየ ማዳን አይቻልም ማለት ይቀላል። አስቀድማችሁ ብትከተቡም ከተነከሳችሁ በኋላ ተጨማሪ መርፌ ያስፈልጋችኋል። ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ቀድሞ ያልተከተበ ሰው ከክትባቱ ጋር የሚሰጠው ኢሚዩኖግሎቡሊን የሚባለው መድኃኒት ለእናንተ አያስፈልግም። ያ መድኃኒት ደግሞ ከከተማ ርቆ ማግኘቱ ጭንቅ ነው። ብትነከሱ ወይም ብትቧጨሩ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡ። ሰዓት እያያችሁ እጠቡ። ከዚያ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሕክምና።

የወባ መከላከያ ኪኒን ምርጫው የሐኪሙ ነው። ብቻ ቀኑን ልብ በሉ። ዶክሲሳይክሊን ከጉዞው አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው ይጀመራል፤ ሜፍሎኪን ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ቀድሞ ነው። ዶክሲሳይክሊን ቆዳን ለፀሐይ ያጋልጣል። ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ የሚውል ሰው ይህን ቀድሞ ቢያውቅ ይሻለዋል።

ጤናው በአንድ በኩል ብቻ አይደለም። እኛም እንስሳቱን እናስታምማለን ብለን ልናሳምማቸው እንችላለን። ጎሪላና ቺምፓንዚ የእኛ ጉንፋን ይይዛቸዋል፤ ለእኛ ሦስት ቀን ማስነጠስ የሆነው ለእነሱ ሞት ሊሆን ይችላል። ለጎሪላ ጎብኚዎች ለረጅም ጊዜ 7 ሜትር የነበረው ዝቅተኛ ርቀት ከኮቪድ ወዲህ 10 ሜትር እንዲሆን፣ ጭንብልም እንዲጨመር ባለሙያዎች መክረዋል። ከእነዚህ እንስሳት አጠገብ የሚሠራ ፕሮጀክት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ውጤት ቢጠይቃችሁ አትገረሙ። ባይጠይቃችሁ ግን ተገረሙ። እዚያ ሆናችሁም ጉሮሯችሁን ከከረከራችሁ በዚያ ቀን ቅሩ።

4. ወረቀት

ደመወዝ የለውም ማለት ሥራ አይደለም ማለት አይደለም። በብዙ አገር በጎ ፈቃድ በቱሪስት ቪዛ አይፈቀድም። «ዝም ብለህ ለጉብኝት ነው በል» የሚል አስተባባሪ ካጋጠማችሁ ስለ ቦታው የነገራችሁ ብዙ ነገር አለ።

ኢንሹራንሱን ስትገዙ ደቃቁን ጽሑፍ አንብቡ። ሁለት ነገር ፈልጉ፦ የጉልበት ሥራንና ከእንስሳ ጋር መሥራትን ይሸፍናል ወይ? ከሩቅ ቦታ በአውሮፕላን ወይም በሄሊኮፕተር ወደ ሆስፒታል ማጓጓዝን ይሸፍናል ወይ? ተራው የጉዞ ኢንሹራንስ ሁለቱንም ሊተው ይችላል።

5. እግርና ዓይን ማለማመድ

አዲስ ጫማ ለብሶ ወደ ሜዳ እንደመሄድ ያለ ቂልነት የለም። ከሁለት ወር በፊት ግዙት፤ ለብሳችሁ ተራመዱ፣ ዳገት ውጡ፣ አርጥቡት። እግራችሁ ውኃ የሚቋጥር ከሆነ ቤታችሁ አጠገብ ይቋጥር።

ዓይንን ማለማመድ የሚባል ነገር እንዳለ ብዙ ሰው አያውቅም። ዙኒቨርስ በሚባለው የኢንተርኔት መድረክ ላይ በ2012 የተጀመረ ስናፕሾት ሴሬንጌቲ የሚባል ፕሮጀክት ነበር። በታንዛኒያ ሴሬንጌቲ የተተከሉ 225 ካሜራዎች ያነሷቸውን ፎቶዎች ማንም ሰው ከቤቱ ሆኖ ይለያል። መድረኩ ላይ ዛሬም ተመሳሳይ ፕሮጀክቶች አይጠፉም። በየምሽቱ ግማሽ ሰዓት ሞክሩት። ለሁለት ሳምንት ብታደርጉት የቶምሰንና የግራንት ሚዳቋ የሚለያዩበትን ነጥብ ሳታስቡት ትይዙታላችሁ። እግረ መንገዳችሁንም ሥራው ይሰለቻችሁ እንደሆነና እንዳልሆነ ያለ አውሮፕላን ትኬት ታውቃላችሁ።

ለምትሄዱበት ቦታ ደግሞ የሃያ ዝርያ ዝርዝር ከፕሮጀክቱ ጠይቁ። ሁሉን ለማወቅ አትሩጡ። ሃያውን አሳምሮ የሚለይ ሰው መቶውን በግምት ከሚጠራ ይበልጥ ይጠቅማል።

6. ሻንጣ

ቀለሙን አውርቻለሁ፤ ካኪ፣ ግራጫ፣ የደረቀ ሣር የመሰለ። የወታደር ልብስ የመሰለ ዝንጉርጉር ግን ተውት። በዛምቢያና በዚምባብዌ ሲቪል ሰው እሱን መልበስ በሕግ ይከለከላል። እጅጌው ረጅምና ቶሎ የሚደርቅ ይሁን። እንደ ቦርኒዮ ባለ እርጥብ ደን ከሆነ አልቅት ወደ እግር እንዳይገባ የሚከለክል ወፍራም ረጅም ካልሲ ያስፈልጋል።

የግንባር መብራት ስትገዙ ቀይ ብርሃን ያለውን ምረጡ። ባይኖኩላር ከሌላችሁ 8x42 የሚለውን ፈልጉ። ስምንቱ ስንት እጥፍ እንደሚያቀርብ፣ 42ቱ ደግሞ የፊት ሌንሱ ስፋት በሚሊሜትር ነው። 10 እጥፍ የሚያቀርበው ያጓጓል፤ ነገር ግን እጅ ሲንቀጠቀጥ ምስሉም አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ በተለይ ዳገት ወጥታችሁ እያለከለካችሁ ከሆነ።

ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር ያለበት የትንኝ መከላከያ ጥሩ ይሠራል፤ ግን ፕላስቲክ ያቀልጣል። በተቀባ እጅ ባይኖኩላር አትያዙ። ከእንቁራሪት ጋር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ እጃችሁ ላይ ከነጭራሹ አይኑር። እንቁራሪት በቆዳዋ ነው የምትመጠው። ባሕር የምትገቡም የፀሐይ ክሬማችሁን ጀርባ አንብቡ። ኦክሲቤንዞንና ኦክቲኖክሴት ያለበትን ሃዋይ ከ2021 ጀምሮ መሸጡን ከልክላለች፤ ምክንያቱ ኮራል የተባለውን የባሕር እንስሳ ይጎዳል ተብሎ ነው።

ፓወር ባንክ በእጅ ሻንጣ ብቻ። ዕቃችሁን በፌስታል አትጠቅልሉ፤ ኬንያ ከ2017፣ ሩዋንዳ ከ2008 ጀምሮ ፌስታል አይገባም። መጻሕፍት? አንድ ይበቃል። ማታ ራቱ እንዳለቀ ነው የምትተኙት።

7. ስልክ

ከመነሳታችሁ በፊት የካሜራችሁን የቦታ ምልክት አጥፉ። አውራሪስ አንስታችሁ የለጠፋችሁት ፎቶ ከነመገኛ ቦታው ከወጣ፣ ለቀንዱ የሚፈልገው ሰው ስልክ የለውም ብላችሁ አታስቡ። አይናቹራሊስት የተባለው መተግበሪያ ለአደጋ የተጋለጡ ዝርያዎችን ትክክለኛ ቦታ በራሱ የሚያደበዝዘው ለዚሁ ነው። ድሮን ደግሞ ቤት ይቅር፤ በብዙ ፓርኮች ክልክል ነው።

እንስሳ ከሰው እጅ ጋር የሚታይበት ፎቶም አትለጥፉ። እናንተ ሐኪሙን እየረዳችሁ ይሆናል። የሚያየው ሰው ግን «እኔም ማቀፍ አለብኝ» ይላል።

8. እዚያ ስትደርሱ

ጠባቂው ቁሙ ሲል ቁሙ። ምክንያቱን በኋላ ትጠይቃላችሁ። ሩጫ በብዙ እንስሳ ፊት ታዳኝ መሆን ነው። ጠዋት ጫማችሁን ሳታራግፉ እግር አታስገቡ።

መዝገብ ላይ ደግሞ ያልለያችሁትን «አልለየሁም» ብላችሁ ጻፉ። አዲስ በጎ ፈቃደኛ ሁልጊዜ የሚያሳፍረው ይህ ነው፤ እኔም በመጀመሪያው ሳምንት የጅብ ኮቴ የነብር ብዬ ጽፌያለሁ። ነብር ማየት ፈልጌ ነበራ! ጥፍሩን አላየሁትም። የጅብ ኮቴ ላይ የጥፍር ምልክት ይታያል፤ ነብር ግን ሲራመድ ጥፍሩን ስለሚከት አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። አስተባባሪዋ መዝገቡን አይታ ምንም አላለችኝም። እርሳስ ሰጠችኝ፣ ላጲሱ አዲስ ነበር።

9. ስትመለሱ

ጫማችሁን እዚያው አጥባችሁ፣ ጭቃውን በብሩሽ አራግፋችሁ፣ በደንብ አድርቁት። ኪትሪድ የተባለ ፈንገስ በዓለም ላይ ብዙ የእንቁራሪት ዝርያዎችን ፈጅቷል፤ በእርጥብ ጭቃም ይጓዛል። ማስታወሻ ብላችሁ ኮራል፣ ላባ፣ የኤሊ ቅርፊት ወይም ከእንስሳ ጥርስ የተሠራ ጌጥ አትያዙ። በ1973 የተፈረመው ሳይተስ የተባለው ስምምነት ብዙዎቹን ያለ ፈቃድ ድንበር ማሻገርን ይከለክላል። ሻጩ «ችግር የለውም» ስላለ ጉምሩክ አይሰማችሁም።

የወባ ኪኒኑን ቤት ስለገባችሁ አታቋርጡ። ዶክሲሳይክሊን ከተመለሳችሁ በኋላም አራት ሳምንት ይወሰዳል። ከወራት በኋላም ቢሆን ትኩሳት ከያዛችሁ ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ የት እንደነበራችሁ፣ መቼ እንደተመለሳችሁና ምን እንስሳ እንደነካችሁ ራሳችሁ ቀድማችሁ ንገሩት።